ሶላሩ የለበሰው ነጠላ ነው ወይስ በርኖስ?

መንዝ ያለው አጎቴ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ነው የጀመረኝ። "ሶላርህ ልብሱ ረገፈ እኮ!" አለኝ። ሲሠራ "ሶላራችን" ነበር። ሲበላሽ የኔ ሆነ።

መሰላል ይዤ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። እውነቱን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከደብረ ብርሃን ገዝቼ የወሰድኩለት ተጣጣፊ ፓኔል ቢጫ ሆኗል። እሳት እንደነካው ቆዳ እዚህም እዚያም ውሃ ቋጥሯል። ጠርዙ ላይ የላይኛው ፕላስቲክ ተላጦ በነፋስ ይርገበገባል። አንዱ ጥግ ላይ የሳንቲም ያህል ቡናማ ጠባሳ አለ። ማታ ባትሪው እራት ሳይበላ ይሞታል አሉኝ።

ተጣጣፊውን የመረጥኩት ራሴ ነኝ። መኪና ከሚቆምበት እስከ አጎቴ ቤት የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ያውም ገደላ ገደል። መስታወት አህያ ላይ ጭኜ ያንን ቁልቁለት መውረድ አስፈራኝ። ሻጩም "ይሄ አይሰበርም፤ ብትቆምበትም ግድ የለውም" አለኝ። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። በጀርባዬ አዝዬው ሄድኩ። ቆርቆሮው ላይ በሲሊኮን ለጠፍነው። አንድ ዓመት ያህል መላው ቤተሰብ ሲመርቀኝ ከረመ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን መመርመር ያዝኩ። አነበብኩ። ሶላር የሚጠግኑ ልጆችን ጠየቅኩ። የተላጠውን ጠርዝ በቢላ ገልጬ አየሁት። መጨረሻ ላይ የደረስኩበት አጎቴ መሬት ላይ ቆሞ የተናገረው ሆኖ አገኘሁት። ጉዳዩ የልብስ ጉዳይ ነው።

ጠንካራው ባለ መስታወት ፓኔልና ገበያ ላይ በብዛት የምናገኘው ተጣጣፊ ፓኔል ውስጣቸው አንድ ነው። ሲሊከን ነው። ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው እሱ ነው። የሚለያዩት ሲሊከኑ በለበሰው ነገር ነው። አንዱ መስታወትና አሉሚኒየም ለብሷል። ሌላው ፕላስቲክ። አንዱ በርኖስ፣ ሌላው ነጠላ። መንዝ ላይ በነጠላ ማደር ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህን ብሎ መተው ይቻል ነበር። ግን የአጎቴን ፓኔል የገደለው ብርዱ አይደለም። ስለዚህ ትንሽ መሄድ አለብን።

ከድንጋዩ እንጀምር

ሲሊከን ስል የመስኮት መግጠሚያውን ሲሊኮን ማለቴ አይደለም። ያኛው ላስቲክ መሰል ማጣበቂያ ነው። ሲሊከን ግን ንጥረ ነገር ነው። በምድር ቅርፊት ውስጥ ከኦክስጅን ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው፤ በክብደት ከመቶ 28 ያህሉን ይይዛል። እጃችሁን ሰዳችሁ ያነሳችሁት ድንጋይ ሁሉ ማለት ይቻላል ሲሊከን አለበት። ችግሩ ብቻውን አይገኝም። ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው።

ማላቀቁ ነው ሥራው። መጀመሪያ ኳርትዝ የሚባለው ድንጋይ ከከሰል ጋር በትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ይገባል። በዚያ ከባድ ሙቀት ካርቦኑ ኦክስጅኑን ይዞት ይሄዳል። የሚቀረው ሲሊከን ከመቶ 98 ወይም 99 ንጹሕ ነው። ለሌላ ሥራ ይህ ድንቅ ነው። ለሶላር ግን ገና ቆሻሻ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ሲሊከኑ ከክሎሪንና ከሃይድሮጅን ጋር ተዋህዶ 32 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚፈላ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ይፈላል፣ ይተንናል፣ እንደገና ይቀዘቅዛል። ቆሻሻው ማሰሮው ውስጥ እንደሚቀረው አተላ ከኋላ ይቀራል። ከዚያ ከተጣራው ጋዝ ሲሊከኑ መልሶ ጠጣር ይሆናል። አሁን ከአንድ ሚሊዮን አተም ውስጥ ባዕድ የሆነው አንድ እንኳ አይሞላም። ሶላር ሲሠራ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበላው ይህ ማጣራትና ማቅለጥ ነው።

ንጹሑ ሲሊከን በ1,414 ዲግሪ ይቀልጣል። ከቀለጠው ውስጥ አንዲት ትንሽ ክሪስታል ነከር ተደርጋ፣ እየተሽከረከረች፣ በጣም በዝግታ ወደ ላይ ትሳባለች። ፈትል ሰም ውስጥ ነክሮ ጧፍ እንደማውጣት ነው። ልዩነቱ እዚህ የሚወጣው ጧፍ የሰው ቁመት የሚያህል፣ አተሞቹ ሁሉ በአንድ ሰልፍ የቆሙ ግንድ መሆኑ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1916 ያገኘው ፖላንዳዊው ያን ቾክራልስኪ ነው። ከዚህ ግንድ የሚሠራው ነው "ሞኖ" የሚባለው። ግንዱ ክብ ስለሆነ ጎን ጎኑ ተጠርቦ አራት ማዕዘን ይሆናል። ፓኔሉ ላይ ተደርድረው የሚታዩት ቁራጮች ሴል ይባላሉ፤ የብዙ ሞኖ ሴሎች ጥግ የተቆረጠ የሚመስለው ለዚህ ነው።

"ፖሊ" የሚባለው ደግሞ ሳይሳብ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የረጋ ነው። ሲረጋ ብዙ ክሪስታል ይሆናል። አዲስ ቆርቆሮ ላይ አበባ አበባ የሚመስለውን ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ የዚንክ ክሪስታል ነው። ሰማያዊው ፖሊ ፓኔል ላይ የሚታየውም ያው ነው፤ የሲሊከን መሆኑ ብቻ ይለያል።

ግንዱ በአልማዝ ብናኝ በተለበጠ ቀጭን ሽቦ እንደ ዳቦ ይቆራረጣል። የአንዱ ቁራጭ ውፍረት ከሚሊሜትር አንድ ስድስተኛ ገደማ ነው። የሁለት ፀጉር ያህል በሉት። ይህን ቁራጭ በእጅ የያዘ ሰው ድርቆሽ ትዝ ይለዋል። ትንሽ ታጥፈዋለህ፤ እሺ ይላል። ትንሽ ጨመር ስታደርግበት ቀጭ! ድርቆሽ እንደሆነ አስታውሱት፤ እንመለስበታለን።

አሁን ኤሌክትሪኩ። ንጹሕ ሲሊከን ብቻውን ብርሃን ቢመታውም ጥቅም የሚሰጥ ነገር አያወጣም። አንደኛው ገጹ ላይ በጣም ጥቂት ፎስፈረስ፣ በሌላው በኩል ጥቂት ቦሮን ወይም ጋሊየም ይጨመርበታል። ፎስፈረሱ ትርፍ ኤሌክትሮን ያመጣል። ቦሮኑ ጉድለት ያመጣል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ እንደ ኬላ ይሆናል፤ ኤሌክትሮንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ብርሃን ኤሌክትሮኑን ከቦታው ያስነሳዋል። ኬላው ወደ አንድ ጎን ይነዳዋል። በሽቦ ዞሮ ወደ ቦታው ሲመለስ መንገዱ ላይ አምፖልህን ያበራል። ይኸው ነው። ምንም የሚነድ ነገር የለም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

አንድ ሴል የሚሰጠው ግማሽ ቮልት ቢበዛ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ስለዚህ ነው 36 ሴሎች በተርታ ተያይዘው 18 ቮልት አካባቢ ሰጥተው ባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚሞሉት። ሴሉ ላይ የምናያቸው ቀጫጭን መስመሮች ኤሌክትሪኩን የሚሰበስቡ ናቸው፤ እውነተኛ ብር ናቸው። ሶላር ላይ ብር አለ ሲባል የገንዘቡ ብቻ አይደለም ማለት ነው። እየፋቁ ለመሸጥ ያሰበ ሰው ካለ ግን ይተወው። ቡና የሚጠጣበት እንኳ አያገኝም።

ቀለሙም ከሲሊከኑ ብቻ የመጣ አይደለም። ራቁቱን ሲሊከን እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ከሚያርፍበት ብርሃን ሲሶውን ያህል መልሶ ይወረውረዋል። ለዚህ ሲሊከን ናይትራይድ የሚባል እጅግ ስስ ሽፋን ይቀባል። ሰማያዊ ወይም ጥቁር የሚመስለው በሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብራቶሪ የሠራው የመጀመሪያው ቁም ነገረኛ የሲሊከን ሴል ከብርሃኑ ከመቶ 6 ያህሉን ነበር ወደ ኤሌክትሪክ የቀየረው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለው ጥሩ ሞኖ ከመቶ 20 እስከ 23 ይቀይራል። የተፈጥሮ ሕጉ ራሱ ከመቶ 29 አካባቢ ላይ "በቃህ" ይለዋል። "ከመቶ 40 ነው" የሚላችሁ ሻጭ ካለ በትሕትና ተሰናበቱት።

በርኖሱ

እስካሁን የተናገርኩት ለሁለቱም ዓይነት ፓኔል ነው። መንገዳቸው የሚለያየው አሁን ነው።

ድርቆሹን ከዝናብ፣ ከነፋስና ከእጅ ማዳን አለብህ። ጠንካራው ፓኔል ላይ ያለው መልስ መስታወት ነው። ብዙ ጊዜ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ነው። ተራ የመስኮት መስታወት አይደለም። የመስኮት መስታወት ጠርዙን ብታዩት አረንጓዴ ይመስላል፤ ብረት ስላለበት ነው፤ ብርሃን ይበላል። የሶላሩ ግን ብረቱ የተቀነሰለት ነው። በዚያ ላይ ከጋለ በኋላ በድንገት ቀዝቅዞ የጠነከረ ነው። ከተሰበረም እንደ መኪና መስታወት ፍርፍር ይላል እንጂ ስለታም ስባሪ አይሆንም።

ከመስታወቱ ሥር ኢቪኤ የሚባል ፕላስቲክ አለ። የስሊፐር ሶል የሚሠራበት ቁስ ዘመድ ነው። ከሴሎቹ በላይም በታችም ይነጠፋል። አየሩ ተመጥጦ 150 ዲግሪ አካባቢ ሲጋገር ይቀልጥና ሁሉንም አንድ አካል ያደርጋል። ከጀርባ ነጭ የፕላስቲክ ሽፋን ወይም ሁለተኛ መስታወት ይመጣል። ዙሪያውን አሉሚኒየም ይታሰራል። ከጀርባው ያለችው ጥቁር ሳጥን ውስጥ ዳዮዶች አሉ፤ ቅጠል ወይም የወፍ ኩስ አንዱን ሴል ሲጋርደው ኤሌክትሪኩ በጎን እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ያ ባይሆን የተጋረደው ሴል እንደ ምጣድ ይግላል።

የሚገርመው የክብደቱ ድርሻ ነው። ከፓኔሉ ክብደት ከመቶ 70 በላይ መስታወት ነው። ሥራውን የሚሠራው ሲሊከን ከመቶ 5 አይበልጥም። በርኖሱ ከሰውዬው በላይ ይከብዳል። ባለ 100 ዋት ጠንካራ ፓኔል ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ የሚመዝነው ለዚህ ነው።

ግን ያ ክብደት ሁለት ነገር ይገዛል። አንደኛ፣ መስታወት የውሃ እንፋሎት አያሳልፍም። ፕላስቲክ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ትንሽ ትንሽ ያሳልፋል። ሁለተኛ፣ መስታወት በፀሐይ አያረጅም። የአያቶቻችን ቤት መስኮት ዛሬም ንጹሕ ነው። ፋብሪካዎቹ ለጠንካራ ፓኔል የ25 ዓመት ዋስትና ለመጻፍ የሚደፍሩት በዚህ ነው።

"በረዶ ቢዘንብስ?" የሚለው ጥያቄ እኛ አገር ተገቢ ነው። ደጋው ላይ በረዶ አዝመራ ሲያወድም ያየ ሰው መስታወት ጣሪያ ላይ ሲሰቀል ልቡ ቢፈራ አይፈረድበትም። በዓለም አቀፉ መመዘኛ መሠረት ለፈተና የሚቀርብ ፓኔል 25 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የበረዶ ኳስ በሰዓት 83 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይተኮስበታል። አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ጥጉም ጠርዙም ይመታል። ካለፈ ነው የሚመሰከርለት። እንቁላል የሚያክል ከወረደ ሌላ ነገር ነው። የተለመደውን በረዶ ግን ይችላል።

ነጠላው

ተጣጣፊው ላይ መስታወቱ የለም። ፍሬሙም የለም። ያው ድርቆሽ ሲሊከን ከላይ ስስ ፕላስቲክ፣ ከታች ፕላስቲክ ወይም ፋይበር ግላስ ለብሶ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሉህ ይሆናል። "ተጣጣፊ" የሚለው ስም ራሱ ትንሽ ያሳስታል። እንደ ሰሌን አይጠቀለልም። እንደ ሸራም አይታጠፍም። ለዘብ ያለ ቅስት ብቻ ይችላል፤ ለምሳሌ የመኪና ጣሪያ። ከዚያ ካለፈ ውስጡ ያለው ድርቆሽ ይሰነጠቃል። ፕላስቲኩ ግን ምንም አልሆነም። ስለዚህ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። "ብትቆምበትም ግድ የለውም" ያለኝ ሰውዬ ስለ ፕላስቲኩ ከሆነ አልዋሸም።

የተሰነጠቀ ሴል ጠባዩ ተንኮለኛ ነው። ጠጋኞቹ "ቮልት አለው፣ አምፔር የለውም" ይላሉ። በቴስተር ስትለካው 20 ቮልት ያሳይሃል። ባትሪ ላይ ስትሰካው ግን ጉልበት የለውም። ቮልቱ የሚመጣው ከሴሎቹ ብዛት ነው፤ ሴሉ በከፊል ቢሰበርም ብዙ አይወርድም። አምፔሩ ግን ከሚሠራው ስፋት ነው የሚመጣው። ስንጥቁ ስፋቱን ይበላዋል። ዳር ላይ የነበረው ቡናማ ጠባሳም ምንጩ ይሄው ነበር። በቆርቆሮው ሞገድ ላይ የተንሳፈፈው ክፍል ሲረገጥና በነፋስ ሲነቀነቅ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ጋ ኤሌክትሪኩ ሲጨናነቅ ጋለ። ጋለና ለበለበው። አንዳንድ ውድ ተጣጣፊ ፓኔሎች ላይ ሴሎቹ ከጀርባቸው መዳብ ይነጠፍላቸዋል። ሴሉ ቢሰነጠቅ እንኳ መዳቡ ይዞ ያቆየዋል። እኔ የገዛሁት ከነሱ አልነበረም።

ወደ ላይኛው ፕላስቲክ እንምጣ፤ ቁልፉ እዚህ ነው። ሁለት ዓይነት በብዛት አለ። አንደኛው ፔት ነው። ሃይላንድ የምንለው የውሃ ፕላስቲክ የሚሠራበት ነው። ርካሽ፣ ጥርት ያለ፣ ሲገዙት የሚያምር። ሁለተኛው ኢቲኤፍኢ ነው። የማይዝ መጥበሻ ላይ የሚቀባው ቴፍሎን የቅርብ ዘመድ ነው። ውስጡ ፍሎሪን አለ። ፍሎሪን ከካርቦን ጋር የሚያደርገው ትስስር እጅግ ጠንካራ ስለሆነ የፀሐይ ጨረር በቀላሉ አይበጥሰውም። ለእ.ኤ.አ. 2008ቱ የቤጂንግ ኦሎምፒክ የተሠራው ውሃ የመሰለው የዋና ሕንፃ ግድግዳውም ጣሪያውም ከዚህ ነው።

ፔት ደጅ ሲውል ምን ይሆናል? ማዳበሪያ ከረጢት ጣሪያ ላይ ረስታችሁ ታውቃላችሁ? በዓመቱ ስታነሱት በእጃችሁ ላይ ዱቄት ይሆናል። ቁሱ ሌላ ፕላስቲክ ነው፤ አሟሟቱ ግን ያው ነው። ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር የፕላስቲኩን ረጃጅም ሰንሰለቶች አንድ በአንድ ይቆርጣል። መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፤ ብርሃን መጋረድ ጀመረ ማለት ነው። ከዚያ ይደርቃል። ይላጣል። በተላጠው በኩል ጤዛና ዝናብ ይገባል። ውሃው የብሩን መስመርና ብየዳውን ያዝጋል።

የደጋው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ይህን ጨረር የሚያጣራው ይቀንሳል። በየ1,000 ሜትሩ ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። መንዝ ውስጥ ያለው ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ መንዝ ላይ የተሰቀለ ፕላስቲክ ባሕር ዳርቻ ላይ ከተሰቀለው ወንድሙ ሲሶ ያህል ተጨማሪ ይቃጠላል። ብርዱ ስለሚያታልለን አይታወቀንም። በርኖስ ለብሰን የምንቀመጥበት ፀሐይ ፊታችንን የሚያከስለው ለዚህ ነው።

ብርዱስ? ብርዱ ለሲሊከን ወዳጅ ነው። ፓኔል ብርሃን ይወዳል፣ ሙቀት ይጠላል። ፓኔሉ ላይ የተጻፈው ዋት የሚለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ነው። ከዚያ በላይ በየዲግሪው ከመቶ 0.4 ገደማ ያጣል፤ አዳዲሶቹ ትንሽ ይሻላሉ። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ከሥሩ ነፋስ የሚያልፍበት ጠንካራ ፓኔል ሴሉ 45 ዲግሪ ይደርሳል እንበል። ከመቶ 8 አጣ። ከጣርማበር ቁልቁል ወርደህ ሸዋ ሮቢት ላይ ያንኑ ፓኔል ስቀለው፤ አየሩ 35 ሲሆን ሴሉ 60 ይገባል። ከመቶ 14 አጣ። በመኪና ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ያው ፓኔል፣ ያው ፀሐይ።

አሁን ተጣጣፊውን ቆርቆሮ ላይ እንደኔ ለጥፈው። ከሥሩ ነፋስ የለም። ቆርቆሮው ራሱ ግሏል። ሴሉ 70 ዲግሪ ቢገባ ደብረ ብርሃን ላይ ሆነህ ከሸዋ ሮቢት የባሰ ታጣለህ፤ ከመቶ 18። የደጋውን ብርድ በነጻ ተሰጥተህ በማጣበቂያ መለስከው ማለት ነው። ማታ ደግሞ ውርጭ ይመጣል። በጥቅምትና በኅዳር ቀን የጋለው ፕላስቲክ ሌሊት ይኮማተራል። ሲሊከን ሲሞቅ ብዙም አይለጠጥም፤ ፕላስቲክ ግን ብዙ ይለጠጣል። በየቀኑ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ውሃ የቋጠረ የመሰለኝ እብጠት ከዚህ የመጣ ነው።

በእውነት የሚታጠፉት

ለፍትሕ ያህል፣ ከተፈጥሯቸው የሚታጠፉ ሶላሮችም አሉ። ሚስጥሩ ቅጥነት ነው። መስታወት እንኳ ፀጉር ካከለ ይታጠፋል፤ የኢንተርኔቱ ፋይበር ከመስታወት መሠራቱን አስቡ። እነዚህ ሶላሮች ላይ ድርቆሽ አይቆረጥም። ብርሃን የሚውጠው ቁስ እንደ ቀለም ስስ ሆኖ ብረት ወይም ፕላስቲክ ላይ ይነጠፋል። ውፍረቱ አንድ ሁለት ማይክሮን ነው። ፀጉር ሠላሳ ቦታ ብትሰነጥቀው ማለት ነው።

አንዱ ክሪስታል ያልሆነ ሲሊከን ነው። የሒሳብ ማሽን ላይ ያለችው ቡናማ ቁራጭ እሷ ናት። በደብዛዛ ብርሃን ጎበዝ ነው። ነገር ግን መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ሲወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከጉልበቱ በግልጽ ይቀንሳል፤ ከዚያ ይረጋል። ከብርሃኑም ከመቶ ስምንት ቢቀይር ነው። ሌላው ከመዳብ፣ ከኢንዲየም፣ ከጋሊየምና ከሴሌኒየም የሚሠራው ነው። እሱ ጥሩ ነው፣ በደንብ ይታጠፋል፣ ግን እርጥበት ጠላቱ ነው። የካድሚየምና ቴሉሪየሙ ደግሞ በብዛት መስታወት ላይ ነው የሚሠራው። ስስ መሆኑ ብቻውን ተጣጣፊ አያደርገውም።

ፔሮቭስካይት የሚባለውን አዲስ የሶላር ቁስም ትሰሙ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ ከመቶ 4 በማይሞላ ጀምሮ ላብራቶሪ ውስጥ ከመቶ 25 አልፏል። ለሲሊከን ይህን ያህል መንገድ ለመሄድ አሥርት ዓመታት ፈጅቶበታል። ግን እርጥበትና ሙቀት ቶሎ ይጎዱታል፤ በብዛት የተሞከረው ዓይነት እርሳስም አለበት። ለጊዜው ጣሪያዬ ላይ አልሰቅለውም።

ሱቅ ውስጥ

እኔ አሁን ሜትር ይዤ ነው የምሄደው። እኩለ ቀን ላይ ያለ ሙሉ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ገደማ ያወርዳል። ከመቶ 20 ወይም 22 ከተቀየረ ከአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት፣ ቢበዛ ትንሽ አለፍ ያለ ይገኛል። አንድ ሜትር በ54 ሳንቲሜትር የሆነ ፓኔል ላይ "300 ዋት" ተለጥፎ አይቻለሁ። ስፋቱ ከግማሽ ካሬ ብዙም አይበልጥም። 110 ዋት ካወጣ ጎበዝ ነው። ሜትር አይዋሽም።

ሻጩ ቴስተር አውጥቶ ቮልት ሲያሳያችሁ አትደነቁ። ባለ 20 ዋቱም ባለ 100 ዋቱም ያንኑ 20 ምናምን ቮልት ያሳያል። ፀሐይ ላይ አውጡትና ቴስተሩን አሥር አምፔር በሚለው ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ገመድ በቀጥታ ለኩ። ለሶላር ይህ አይጎዳም። ባለ 12 ቮልት 100 ዋት ፓኔል በጠራ ቀን ስድስት አምፔር አካባቢ መስጠት አለበት። ሁለት ከሰጠ ዋጋውን ሳይሆን ሱቁን ቀይሩ። ባትሪ ላይ ግን ይህን ፈጽሞ እንዳትሞክሩ፤ ቴስተሩ ብቻ አይደለም የሚቃጠለው።

የግድ ተጣጣፊ ከሆነ ላዩን ዳብሱት። ኢቲኤፍኢ ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ጉድጓድ ጉድጓድ አለው፣ ብዙም አያንጸባርቅም። ፔት ልሙጥና አብረቅራቂ ነው። ተጣጣፊው ቦታ አለው። ድንኳን ይዞ ጓሳ ላይ ለሚያድር ሰው መስታወት ማሸከም ግፍ ነው። ባጃጅ ጣሪያ ላይም አሪፍ ነው። ጠዋት አውጥቶ ማታ ለሚያስገባው ሰው ፕላስቲኩ ብዙ ዓመት ይቆያል። ዓመቱን ሙሉ ለማይወርድበት ጣሪያ ግን አልመርጠውም። ሣር ቤት ላይ ደግሞ ሁለቱንም አታስቡ። የጋለ ሴልና ደረቅ ሣር አይቀራረቡም። ግቢ ውስጥ ምሰሶ መትከል ይሻላል።

ጥር ላይ ባለ መስታወቱን ገዛሁ። በካርቶኑ ላይ ብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ አህያዋ ላይ በአንድ ጎን እሱን፣ በሌላው ጎን ለሚዛን የጨው ከረጢት ጭነን ወረድን። የፈራሁትን ያህል አልነበረም። ግቢው ውስጥ ምሰሶ ተክለን፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል አድርገን፣ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ ሰቀልነው። አጎቴ መስታወቱን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ "ይሄስ ለብሷል" አለ።

አሮጌውን ልጥለው ነበር። አልሰጥም አለኝ። የዶሮ ቤቱን አለበሰበት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲከር አሁንም አንድ ስልክ ይሞላል፤ "ሶላራችን" የሚለውም እሱን ሆኗል።